ስምህ ማንን ነው የሚያናግረው?

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። "ወንድ ነው" አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሳልጨርስ ሥራ ሰጠችኝ፦ ስም ፈልግልኝ። መስፈርቷ ሦስት ነው። አጭር ይሁን፤ የፈረንጅ አስተማሪ ሳይሰባብረው ይጥራው፤ ትርጉም ይኑረው። ጊዜ ደግሞ የለም። እዚያ ሀገር የልደት ወረቀቱ የሚሞላው እናትየዋ ገና ሆስፒታል እያለች ነው። "እስከ ክርስትናው እናስብበታለን" ብሎ ነገር አይሠራም።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ችግር ሲሰጡኝ ሰንጠረዥ እከፍታለሁ። ከቤተሰብ፣ ከድሮ የክፍል ስም መጥሪያ፣ ከታሪክ መጻሕፍት እየለቀምኩ ሦስት መቶ ገደማ የወንድ ስም ደረደርኩ። አንደኛው ዓምድ "ስም"፣ ሁለተኛው "ምንጭ"፣ ሦስተኛው "ትርጉም"። የተያዝኩት ሦስተኛው ላይ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት የሕፃናት ስም ዝርዝሮች ትርጉሙን በአንድ ቃል ነው የሚጨርሱት፦ "ብርሃን"፣ "ጀግና"፣ "አንበሳ"። የእኛዎቹ እንዲህ አይገቡም። አበበ ማለት "አበባ" ማለት አይደለም። ግስ ነው፤ አንድ ነገር ተፈጸመ እያለ ነው። ከበደ፣ ታደሰ፣ ለማ፣ በቀለ፣ ተሰማ፣ አየለ፤ ሁሉም ባለ አንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ናቸው። ዓረፍተ ነገር ከሆኑ ደግሞ የሚናገር አለ፣ የሚሰማም አለ። ስለዚህ "ትርጉም" የሚለውን ዓምድ አጠፋሁና ሁለት አዲስ ዓምድ ከፈትኩ፦ "ማን ነው የሚናገረው?" እና "ለማን?"። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሰንጠረዥ የወጣ ነው።

እኔ፣ አንተ፣ እነሱ

ስንታየሁን እንውሰድ። "ስንቱን አየሁ!" ማን ነው ያየው? ሕፃኑማ ገና ዓይኑን በደንብ አልገለጠም። ያየውም፣ ያሳለፈውም ወላጁ ነው። ልጁ ግን ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው "እኔ" ተሸክሞ ይኖራል። ወንድማገኘሁ ሲባል ደግሞ የሚሰማው የእህት ድምፅ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድም ያልነበራት ልጅ።

"አንተ" የሚሉም አሉ። ጥላሁን፦ ጥላ ሁን። ካሳሁን፦ ካሳ ሁን። እዚህ ወላጅ ለልጁ ትእዛዝ እየሰጠ ነው፤ ያውም ከባድ ትእዛዝ። ገና አንገቱ ያልጸና ልጅ ለቤተሰብ ጥላ እንዲሆን ይቀጠራል። አይችሉህም ላይም "አንተ" አለ። ግን እዚያ ሌላ ሰው ጨምሯል። እነማን ናቸው የማይችሉት?

ሦስተኛው ቡድን እነዚህ "እነሱ" ናቸው። ጌታቸው፣ ዳኛቸው፣ በላቸው፣ ኩራባቸው፣ እንዳልካቸው። "ቸው" ማን እንደሆነ ስሙ አይናገርም። ስሙ በወጣበት ቀን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ይህን ለመረዳት ስሞቹ ከወጡበት ኑሮ መጀመር ነው። ርስት በሙግት በሚገኝበት፣ በሙግትም በሚጠፋበት ሀገር፣ ወንድ ልጅ ማለት ነገ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ማለት ነበር። ስሞቹ የችሎት ቋንቋ የሚናገሩት ለዚህ ነው። ረታ፦ በክርክር አሸነፈ። በየነ፦ ፈረደ። ዳኛቸው፦ የእነሱ ዳኛ። ከችሎት ያለፈው ደግሞ በጦር ነው፦ ናደው፣ ጣሰው፣ መከተ፣ ማንደፍሮ፣ አትንኩት። አትንኩት የሚባል ልጅ ያለው አባት ጎረቤቱን በቀን አሥር ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ልጁን ለምሳ በጠራው ቁጥር። ተከሳሹ ደግሞ ምንም ማለት አይችልም። ምን ብሎ ይክሰሳል? ሰውየው ልጁን ነው የጠራው።

ወንዱ አድጎ ሹመት ላይ ሲደርስ በወላጁ ስም ብቻ አይቆምም ነበር። የፈረስ ስም ያወጣል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የልደት ስም ወላጅ ለልጁ የሚናገረው ከሆነ፣ የፈረስ ስም ሰውየው ራሱ ለወታደሩ የሚናገረው ነው። ታጠቅ፣ በዝብዝ፤ ትእዛዙ ግልጽ ነው። የምኒልክ ብቻ ፍርድን ያነሳል።

ለእግዜር የተላከ

ከሰንጠረዡ ትልቁ ክምር ግን ለጎረቤት አይደለም። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ሣህለ፣ ክፍለ፣ ኪዳነ። አሠራራቸው ቀላል ነው። "ገብር" በግዕዝ አገልጋይ ነው፤ መጨረሻው ወደ "ረ" ሲለወጥ "የእገሌ አገልጋይ" ይሆናል። ስለዚህ ገብረ ብቻውን ያላለቀ ነገር ነው። ማርያም፣ መድኅን፣ ሥላሴ ሲጨመርበት ነው የሚዘጋው። የአረብኛው አብዱም እንዲሁ ነው፤ አብዱላሂና ገብረ እግዚአብሔር ቃል በቃል አንድ ስም ናቸው። ቋንቋዎቹ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ የሚገርም አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምዝገባ ሲስተም ጻፍኩ። ሙሉ ስም ይገባል፤ ኮዱ ክፍተት ባየበት ይቆርጣል፤ አንደኛው ቁራጭ የራስ ስም፣ ሁለተኛው የአባት ስም፣ ሦስተኛው የአያት። በገባኝ መጠን ምንም ችግር የለበትም። ሥራ ከጀመረ በሁለተኛው ቀን አንድ ገብረ ማርያም የሚባሉ ሰውዬ ደወሉ። ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው "ልጄ፣ አባቴን ማርያም አድርገህብኛል" አሉኝ። በዚያ ሳምንት ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያልኩ የማይቆረጡትን ቃላት ዝርዝር ጻፍኩ። "ኃይለ"ን በ"ኃ"፣ በ"ሀ"፣ በ"ሃ" እና በ"ሐ" የሚጽፍ ሰው እንዳለ ሲገባኝ ደግሞ ሌላ ሳምንት ሄደ።

የአባት ስም የማስከተሉ ልማድ ራሱ በጣም የቆየ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ ራሱን የእለ ዓሚዳ ልጅ ይላል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ካሌብ የታዜና ልጅ ነኝ ይላል። የዒዛና ጽሑፎች ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በቀደሙት ላይ ማኅረም የሚባለው የጦር አምላክ ልጅ ነኝ ይላል፤ በኋለኛው ላይ ይህ ነገር ጠፍቶ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። ሀገሪቱ ሃይማኖት መለወጧን የምናይበት አንዱ ቦታ አንድ ሰው ራሱን ሲጠራ የተወው ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ የክርስቲያን ወንድ ልጅ ሁለት ስም አለው። አንዱ ቤት የሚወጣለት ነው፤ ሌላው በአርባ ቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው። የክርስትና ስም የሚጠራው ሲቆርብና ሲሞት ነው። እንደ ዋዛ አይነገርም፤ መተት የሚያሠራ ጠላት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ይባላልና። በእኔ ሙያ ቋንቋ አንዱ የተጠቃሚ ስም፣ አንዱ የይለፍ ቃል ነው።

ነገሥታቱም በዚሁ ሕግ ነበሩ። ላሊበላን ትውፊቱ ሲተርከው፣ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን አወቁ ብላ ስም አወጣችለት። የነገሠው ግን ገብረ መስቀል ተብሎ ነው። ምኒልክ በክርስትና ሣህለ ማርያም ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ልጅ ደግሞ ለሰው ተፈሪ ነው፤ ለእግዜር ኃይለ ሥላሴ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የእግዜሩን ስም ወደ አደባባይ አወጡት። የሰዉን ስም ግን ጃማይካ አነሳችው። ተፈሪ፣ "የሚፈራ" ማለት ነው፤ ወላጆቹ ለጠላት የላኩት መልእክት በውቅያኖስ ማዶ የሃይማኖት ስም ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ የጠበቃቸው ሕዝብ የተጠራው እሳቸው በተዉት ስም ነበር።

ለሞቱት

አሁን ወደ እኔ ቤት ልምጣ። የአያቴ ስም ማስረሻ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ሦስተኛው ስም እሱ ነው፤ እህቴ አሜሪካ ውስጥ የምትጠራበት የቤተሰብ ስምም እሱ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ማስረሻ ስደርስ "ለማን?" የሚለው ሳጥን ባዶ ሆነብኝ። ማንን ነው የሚያስረሳው?

ዘመዶቹን ልጥቀስ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ቢያድግልኝ። እነዚህ ስሞች ሲወጡ ቤቱ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ምትኩ "የእሱ ምትክ" ነው፤ "እሱ" ማን እንደሆነ የሚያውቁት አባትና እናት ናቸው። ቢያድግልኝ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንኳን አይጨርስም። ቢያድግልኝ... ከዚያስ? የሚቀጥለውን ለመናገር የፈራች እናት ናት። ኩፍኝና ፈንጣጣ፣ ወባና ተቅማጥ በየክረምቱ ልጅ በሚወስዱበት ዘመን የሞቱትን ሕፃናት የመዘገበ መሥሪያ ቤት አልነበረም። መዝገቡ በሕይወት የተረፉት ወንድሞቻቸው ስም ውስጥ ነው ያለው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የድሃ ቤት ስም ብቻ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሠው ሰው ካሳ ኃይሉ ነበር፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ የነገሠውም ካሳ ምርጫ። ሁለት ካሳዎች። አንደኛው ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚለውን የቆየ ትንቢት ይዞ ስሙን ለወጠ፤ ሁለተኛው ዮሐንስ ተባለ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ግማሹ በሁለት ሰዎች የተሠራ ነው ብንል፣ ሁለቱም ሲወለዱ የጠፋ ነገር መተኪያ ተብለው የተጠሩ ናቸው።

ለአያቴ ነገር ደግሞ የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። ታናሽ እህቱ፣ ጎጃም ያሉት እማሆይ። ዘጠናን ተሻግረዋል፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ስልኩን የልጅ ልጃቸው ይይዝላቸዋል።

"እማሆይ፣ አያቴን ማስረሻ ያሉት ለምንድን ነው?"

"ከሱ በፊት ሁለት ወንዶች ነበሩ አሉ፤ ልጄ። ባንድ ክረምት ነው ያለቁ።"

"ስማቸው ማን ነበር?"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እኔ ከማስረሻ በኋላ ነው የተወለድሁ። እናቴ ስማቸውን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ማን ይጠይቃል?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰንጠረዡን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ስሙ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። እንዲያስረሳ ታዘዘ፣ አስረሳ። ሁለቱን ልጆች ዛሬ በስም የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፤ መኖራቸውን የሚናገረው ግን እንዲያስረሳቸው የወጣው ስም ነው። ሳጥኑ ላይ "ለሁለት ወንድሞቹ" ብዬ ሞላሁ።

ዓለም አየሁ

አንዳንድ ስም ደግሞ ባለቤቱ ላይ ይዞራል። በ1853 ዓ.ም. ለአፄ ቴዎድሮስና ለእቴጌ ጥሩወርቅ ወንድ ልጅ ተወለደ። እቴጌይቱ ቴዎድሮስ ድል የነሱት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ ጋብቻው ቀላል አልነበረም። ሕፃኑን ዓለማየሁ አሉት። "ዓለም" እዚህ ላይ ደስታ፣ ተድላ ነው፤ በልጄ ዓለሜን አየሁ እንደማለት። እንደገና፣ የሚናገረው ወላጅ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ አባትየው ራሳቸውን ገደሉ። እናትየው ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጅ መርከብ ላይ ወጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተዛወረ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። የተቀበረው ዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል።

ዓለምን ያየ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ባሰቡት መንገድ ግን አይደለም። ፎቶዎቹን ስታዩ ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በዚያ ቤት ውስጥ የስሙን ትርጉም ሰምቶ የሚረዳ ሰው ስንት ነበር?

የተነጠቀ ስም

እስካሁን የጻፍኩት ቤተሰብ ስም እንደሚያወጣ ነው። ሌላ ሰው ሲያወጣስ?

በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥቶ ሚካኤል ሆነ፤ ራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል፣ የልጅ ኢያሱ አባት። ለአንድ መስፍን ስም መለወጥ ሥልጣን የሚያቆይበት መንገድ ነበር። ለተራው የወሎ እስላም ግን ምርጫው ይህን ያህል ትርፍ አልነበረውም፤ ያልተቀበለው ብዙ ሰው ሀገሩን ጥሎ ሄዷል።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በኢሉባቦር በኩል አንድ የኦሮሞ ሕፃን ተወልዶ ነበር። ሂካ አሉት። በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ ነፃ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን አስተማሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባሪያ የነበረው ሰው ስም ነው። ይህ ሰው አናሲሞስ ነሲብ ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎመው። እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ሂካ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተርጓሚ። የተጠመቀበት ስም ያሳለፈውን መከራ ነገረን፤ እናቱና አባቱ ያወጡለት ደግሞ ገና የሚሠራውን።

በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ክርስትና ሲነሡ በቋንቋቸው የወጣላቸውን ስም ትተው የአማርኛ ስም የያዙ የኦሮሞ፣ የወላይታ፣ የሌላም ሕዝብ ልጆች ብዙ ናቸው። ብዙዎቻችን አያቶቻችን ውስጥ እናገኛቸዋለን። የሚያሳዝነው ደግሞ ስሞቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚሉት። ገመቹ ደስታ ነው። ጫላ በለጠ ነው። መልእክቱ ያው ነው፤ የተከለከለው ድምፁ ነው። ለዚህም ነው ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የራስን ቋንቋ ስም ለልጅ ማውጣት ለብዙ ሰው ቀላል ጉዳይ ያልሆነው።

እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎችም ይህን ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ከሄዱት መካከል ብዙ ልጆች ገና እንደደረሱ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ያደጉት በዚያ ስም ነው። ከእነሱ ውስጥ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ተመልሰው የአማርኛ ወይም የትግርኛ ስማቸውን ያነሡ አሉ።

ሦስት ሳጥን

ስለ አባት ስም አንድ ቀን ላውጋችሁ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሮም ውስጥ ማታ ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። የዓለም ጋዜጦች "ቢቂላ አሸነፈ" ብለው ጻፉ። ቢቂላ አባቱ ናቸው። በኦሮምኛ ቡቃያን፣ መብቀልን የሚያነሣ ስም ነው፤ አበበ ደግሞ አማርኛ። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ፤ የአንድ ቤት ስም በሁለት ቋንቋ ተያይዞ አድጓል። ጋዜጠኞቹ ግን የሮጠውን ትተው ያልሮጡትን አሸለሙ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ቀነኒሳ ሲያሸንፍ "በቀለ" ይባላል፤ ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ ሲያሸንፍም "በቀለ"።

በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። የቤተ ዘመድ ስም! ከልጅ ወደ ልጅ የማይለወጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ። ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ የቤተ ዘመድ ስም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ጥሩልኝ። ሕዝቡ አልተከራከረም፤ በቃ፣ አልተጠቀመበትም።

እኔ ልማዱን እወደዋለሁ፤ ግን ዋጋ አለው። በእኛ አቆጣጠር አንድ ስም ሰነድ ላይ የሚኖረው ሦስት ሳጥን ነው፦ መጀመሪያ የራስ፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት። በአራተኛው ትውልድ ይወድቃል። የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ የሚገቡት አባቱና የአባቱ አባት ናቸው። እኔ ልጅ ስወልድ ሦስተኛው ሳጥን አባቴ ይሆናል። ማስረሻ ከሁለታችንም ቤት ይወጣል። እሱ ሲወጣ፣ የሁለቱ ስም የለሽ ወንድሞቹ መኖር ምልክትም አብሮ ይወጣል።

ሰጠ

የእኛ ትውልድ ስሞች አጭር ናቸው። የወላጆቻችን ዘመን አብዮትን አመጣ፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት የተባሉ ልጆች ዛሬ ሃምሳኛ ዓመታቸው ላይ ናቸው፤ ስማቸው የሚያናግረው መንግሥት ከሄደ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ናታን፣ ኢዮብ፣ ኤልያስ፣ ካሌብ፣ ናሆም። አንዳንድ ሰው ይህን ሥር አልባነት ይለዋል። እኔም ሰንጠረዡን ስጀምር እንደዚያ ነበር የማስበው። ለማን ነው የሚናገሩት? ለኢሚግሬሽን መኮንን ነው ብዬ እቀልድ ነበር።

ግን ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወላጆቹ እየሠሩ ያሉት የድሮዎቹ የሠሩትን ነው። ጥላሁን ያለች እናት የፈራችው ነገር ነበር፤ ናታን የምትል እናትም የምትፈራው አለ። ልጇ በየክፍሉ እጁን አውጥቶ "እንዲህ አይደለም የሚጠራው" እያለ እንዳያድግ ነው። ፍርሃቱ ተለወጠ እንጂ ስሙ አሁንም መከላከያ ነው።

እህቴ መጨረሻ ላይ ናታንን መረጠች። ከእኔ ሦስት መቶ ስም ውስጥ አንዱን እንኳን አልወሰደችም። ተናደድኩ፤ ከዚያ ሰንጠረዡን ለመሙላት ያህል ምንጩን አየሁት። የዕብራይስጥ ግስ ነው። "ሰጠ" ማለት ነው። እንደ አበበ፣ እንደ ከበደ፣ አንድ ቃል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር።

ልጁ በተወለደ በሳምንቱ ለእማሆይ ደወልን፤ እህቴ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ በአንድ መስመር።

"ስሙን ማን አላችሁት?"

"ናታን አልነው፣ እማሆይ።"

"ማን?"

"ናታን! 'ሰጠ' ማለት ነው። እግዜር ሰጠ እንደማለት።"

ትንሽ አሰቡ። "ታዲያ" አሉ፣ "ሰጠኝ አትሉትም?"

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ እያለቀሰች እንደሆነ ከድምፅዋ አወቅኩ። ጎጃም ውስጥ ልጁ ሰጠኝ ነው፤ እማሆይ ከዚያ ሌላ ስም አይጠሩትም። ሜሪላንድ ባለው ወረቀት ላይ ናታን ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል።

የክርስትና ስሙን ግን አልነግራችሁም።